የጳጉሜን ዕዳ

ውድ ልጆቼ፣

በነሐሴ መጨረሻ ለወጣት የሒሳብ ሠራተኞች ስለ ንብረት ቆጠራ ሥልጠና ስሰጥ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ እርስዎ ዓመቱ ሲያልቅ ያለፈውን እንዴት ነው የሚገመግሙት? ለአዲሱስ ምን ብለው ያቅዳሉ?» አለችኝ። ጥያቄው ከርዕሱ ውጭ ስለነበር ጓደኞቿ ሳቁባት። እኔም «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከሻይ በኋላ እንመለስበታለን» ብዬ አለፍኳት። ከሻይ በኋላ ግን አልተመለስኩበትም። ልጅቷም ደግማ አልጠየቀችኝም።

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለጥያቄዋ የሚሆን መልስ ነበረኝ፤ ወደ 40 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ለማንም ሳልነግር ይዤው ኖሬያለሁ። ዛሬ ጳጉሜን 1 ነው። ለእሷም ለእናንተም ልጻፈው።

በ1979 ዓ.ም. የ25 ዓመት ወጣት ሆኜ፣ ደሴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ድርጅት ቅርንጫፍ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ መጋዘን ይቆጠራል። በሙያው ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ የዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘገብባቸው ሁለት ካርዶች አሉ፤ ቢን ካርዱ መጋዘን ውስጥ፣ ስቶክ ካርዱ ሒሳብ ክፍል ይቀመጣል። ሁለቱ ካርዶችና መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ አንድ ቁጥር መናገር አለባቸው። ዕቃ በገቢ ደረሰኙ በሞዴል 19 ይገባል፤ በወጪ ደረሰኙ በሞዴል 22 ይወጣል። ያለ ሞዴል 22 የወጣ ዕቃ እንደ ጠፋ ይቆጠራል።

በዚያ ዓመት ቆጠራ 12 የከባድ መኪና ጎማ ጎደለ።

የመጋዘኑ ኃላፊ ዕድሜያቸው ከአባቴ ጋር የሚቀራረብ፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ቁልፋቸውን በገመድ አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ጎማዎቹ የት እንደገቡ ስንጠይቃቸው አልደነገጡም። ግንቦት ውስጥ ሌሊት ወደ ወልድያ ለሚነሱ መኪናዎች እንደሰጡ፣ ሾፌሮቹ እንደፈረሙ፣ ያለቀውንም የሞዴል 22 ጥራዝ ለሒሳብ ክፍል እንዳስረከቡ ነገሩን። ቢን ካርዱ ላይ ቀኑም ቁጥሩም በእጃቸው ተጽፏል። ጥራዙ ግን የለም። ሾፌሮቹም ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛውረዋል።

«ጥራዙን ሲያስረክቡ ያስፈረሙበት ወረቀት አለ?» አልኳቸው። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ የጠየቅሁበት ድምፅ ግን ትክክል አልነበረም። አዲስ ዲፕሎማ የያዘ ልጅ፣ 20 ዓመት መጋዘን የጠበቀ ሰውን ሕግ ያስተምር ነበር። እሳቸውም ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ለአንተ ነው የሰጠሁህ» አሉኝ። አላስታወስኩም። ከልቤ አላስታወስኩም። በዚያ ሳምንት የስንት ሰው ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ እንደተከመረ ሳስብ፣ እሳቸው ተሳስተው ይሆናል ብዬ አመንኩ። የጉድለቱን ቃለ ጉባኤ በእጄ ጻፍኩ። በሐምሌ መጨረሻ ከሥራና ከደመወዝ ታገዱ።

የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ላላደጋችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለ 13 ወር አገር ብንሆንም ደመወዛችን የ12 ወር ነው። የነሐሴ ደመወዝ ጳጉሜንን ተሻግሮ፣ የዘመን መለወጫን ወጪ ችሎ፣ የልጆችን ትምህርት ቤት መመዝገቢያ ሸፍኖ እስከ መስከረም መጨረሻ መድረስ አለበት። የሐምሌም የነሐሴም ደመወዝ የሌለው ሰው ጳጉሜንን እንዴት እንደሚሻገር ያኔ አላሰብኩትም። ወንደላጤ ነበርኩ። በዚያ ላይ ያ ዓመት ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች።

መሪጌታ የነበሩት አጎቴ ይህን ስሌት በጠጠር ነበር ያስተማሩኝ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ትደምርና ለአራት ታካፍለዋለህ፤ አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ጠጠሮቹን ከወንዝ ያመጣሁት እኔ ነበርኩ። ሦስት ጠጠር ሲተርፍ «ዘንድሮ አንድ ቀን ተጨምሮልናል፤ ምን ትሠራበታለህ?» ይሉኝ ነበር። ለልጅ የሚቀርብ ጥያቄ አይመስልም፤ እሳቸው ግን መልስ እስክሰጥ ይጠብቁኝ ነበር።

ወደ ደሴ ልመለስ። ጳጉሜን 2 ቀን ነው። ጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። «ጳጉሜን ሲወልስ ጎታህን አብስ» የሚባልበት ዓይነት ቀን ነበር። ሥራ አስኪያጃችን ለኢሕዲሪ (ለኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ምሥረታ በዓል ዝግጅት ከስብሰባ ስብሰባ ይሯሯጣሉ፤ ቢሮው ጭር ብሏል። ሌላ ሰነድ ፍለጋ የነዳጅ ወጪ ማስረጃዎች የታሸጉበትን ካርቶን ከፈትኩ። ከመካከሉ የሞዴል 22 ጥራዝ ወጣ። ገለጥኩት። በሁለት ቅጠል ላይ ስድስት ስድስት ጎማ፣ የሾፌሮቹ ፊርማ፣ የግንቦት ቀን። ካርቶኑ ላይ «ነዳጅ» ብሎ የጻፈው የእኔ እጅ ነው። ሰውዬው እንዳሉት ለእኔው ሰጥተውኛል፤ እኔው ከነዳጁ ወረቀት ጋር አሽጌዋለሁ።

የዚያን ሰዓት ሐሳቤን አንድ በአንድ አስታውሰዋለሁ። በመጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ልነሣና ቤታቸው ልሮጥ ነበር። ቤታቸው ሩቅ አይደለም፤ በእግር ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ከዚያ ተቀመጥኩ። ሒሳቡ ተዘግቷል፤ ሪፖርቱ በእኔ ፊርማ አዲስ አበባ ደርሷል፤ በመስከረም የደረጃ ዕድገት ይወጣል ተብሏል። ሥራ አስኪያጁ አሁን ፋታ የላቸውም። በዓሉ ይለፍ፤ አዲሱ ዓመት ይግባና በሥርዓቱ ደብዳቤ ጽፌ አቀርበዋለሁ አልኩ። ጥራዙን መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ማታ ፒያሳ የገዛሁትን ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ከፈትኩ። «የ1980 ዓ.ም. ዕቅድ» ብዬ ጻፍኩ። አንደኛ፦ የመጋዘኑን ጉዳይ ማስተካከል። ሁለተኛ፦ እንግሊዝኛ ማሻሻል። ሦስተኛ፦ ቴፕ ሪከርደር መግዛት። አራተኛ፦ እናቴን መጠየቅ። ጉዳዩን አንደኛ ተራ ላይ ስላደረግሁት ጥሩ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። በዚያች ሌሊት ደኅና እንቅልፍ ተኛሁ። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ጠዋት ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ ወደ ተከራየሁበት ግቢ ገቡ። ከመካከላቸው ከፍ ያለችዋ የእሳቸው ልጅ ነበረች፤ አውቃታለሁ፣ ምሳቸውን ይዛ መጋዘን ትመጣ ነበር። ስምንተኛ ክፍል መጨረሷን አባቷ ሰኔ ላይ በደስታ ነግረውኛል። የሌሎቹ ልጆች ቀሚስ አዲስ ነበር፤ የእሷ ታጥቦ የተተኮሰ ነው። አንድ እቅፍ አደይ ሰጠችኝ። ሰው ሁሉ 25 ሳንቲም በሚሰጥበት ጊዜ አንድ ብር ሰጠኋት። ብሩን አገላብጣ አየችና «ተሳስተው እንዳይሆን» አለችኝ። አልተሳሳትኩም አልኳት። አበባውን ውኃ ውስጥ አደረግሁት፤ ጠረጴዛው ላይ እስከ መስቀል ቆየ።

መስከረም እንዴት እንዳለፈ ብትጠይቁኝ አላውቅም። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ የሉም፣ አንድ ቀን እኔ አሞኛል፣ አንድ ቀን የደብዳቤው አገላለጽ አልጣመኝም። ጥራዙን ያቀረብኩት ጥቅምት 9 ነው። «ሰነድ ሳስተካክል አገኘሁት» አልኩ። ሰውዬው በኅዳር ከነደመወዛቸው ተመለሱ። በተመለሱበት ሳምንት በጣሳ ማር ይዘውልኝ መጡ። «መቼ ነው የተገኘው ልጄ?» አሉኝ። «ሰሞኑን ነው» አልኳቸው። «ፈጣሪ ይባርክህ፤ ሌላ ቢሆን ይቀደው ነበር» አሉና ሁለት እጄን ያዙኝ። ማሩን በላሁት።

ልጅቷ በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት አለመግባቷን የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። የምዝገባው ጊዜ ሲያልፍ ከሚሴ ላሉ ዘመዶቿ ሱቅ እንድትረዳ ተልካለች። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሳ ቀጥላለች፤ ሆኖም አንድ ዓመቷ ሄዷል። ጳጉሜን 2 ቀን ሩብ ሰዓት በእግሬ ብሄድ ኖሮ ሥራ አስኪያጁ እስኪፈርሙ እንኳን ሳይጠበቅ፣ ማስረጃ ተገኘ ብሎ የሚያበድራቸው ሰው አያጡም ነበር።

አሁን ስለ እናንተ ጥቂት ልናገር። ብዙ አንብቡ፣ ገንዘብ ቆጥቡ፣ ጤናችሁን ጠብቁ አልላችሁም፤ ይህን ሁሉ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የሚያሳስበኝ ዕቅዳችሁ ሳይጀመር ለሰው መታየቱ ነው። ደብተራችሁን፣ ቀለም የተቀባ ሠንጠረዣችሁን ፎቶ አንሥታችሁ ትለጥፉታላችሁ፤ 200 ሰው «በርቱ» ይላችኋል። ያ «በርቱ» የሚያሳድረውን እንቅልፍ እኔ አውቀዋለሁ፤ በዚያች የደሴ ሌሊት ተኝቼዋለሁ። በዚያ ላይ አዲስ ዓመታችሁ በዝቷል። የበጀት ዓመታችሁ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ዘመን መለወጫችሁ መስከረም 1 ነው፣ ከውጭ ድርጅት ጋር የምትሠሩት ደግሞ የፈረንጆቹን ጃንዋሪ ጨምራችኋል። ሰው ነገን ለመጥራት ሦስት ጊዜ ሲመቸው ዛሬን ሦስት ጊዜ ያልፈዋል።

ስለዚህ ዕቅድ አትጻፉ ልላችሁ ነበር። ነገር ግን እኔ ራሴ ከዚያ ዓመት ወዲህ አንድም ዓመት ሳልጽፍ አልቀረሁም፤ እንግሊዝኛዬም የተሻሻለው፣ ቤቴንም የሠራሁት በዚያ ደብተር ነው። ጻፉ እንግዲህ። ብቻ ከጳጉሜን በኋላ ጻፉ።

በመንግሥት ሒሳብ «የችሮታ ጊዜ ተከፋይ» የሚባል ነገር አለ። የበጀት ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ ለአጭር ጊዜ በር ይከፈታል፤ በአሮጌው ዓመት የተቀበልከውን ዕቃና አገልግሎት በአሮጌው ዓመት ገንዘብ ትከፍላለህ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አዲስ ዕቃ አይገዛም። ጳጉሜንን እንደዚያ አድርጌ ነው የማያት። ያለፈውን ዓመት መገምገም ሲባል ስንት መጽሐፍ አነበብኩ፣ ስንት ኪሎ ቀነስኩ ብሎ መቁጠር ይመስላችኋል። እኔ የምለው የሰው ስም ጻፉ ነው። ዘንድሮ የማንን ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩ? ለማን ነው ቃል የሰጠሁት፣ ማን ነው በእኔ ስሕተት የተወቀሰው፣ የማንን ሥራ በስሜ አቀረብኩ? ሦስት ስም ከወጣ ብዙ ነው። አንድ ከወጣም ለአምስት ቀን ይበቃል።

የጠየቀችኝ ልጅ ምናልባት ይህን አታነብም ይሆናል። ጓደኞቿ ሲስቁባት አንገቷን አልደፋችም፤ ያን ወድጄላታለሁ። የእኔ ትውልድ አለቃውን እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም ነበር። ቢጠይቅ ኖሮ ስንቱ ከመሳቢያ ይወጣ እንደነበር አስባለሁ።

እስከዚህ የጻፍኩት ትናንት ነው። ለእናንተ የሰው ስም ጻፉ ብዬ ሳበቃ፣ የራሴ ስም ዝርዝር ላይ 1979 ላይ የቆመ አንድ ሰው እንዳለ ታየኝ። የመጋዘኑ ኃላፊ ካረፉ ቆይተዋል፤ መሞታቸውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። የልጃቸውን ስልክ ከአንድ የድሮ ባልደረባችን ካገኘሁ ደግሞ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። አስተማሪ ናት፤ እሷም ወደ ጡረታ እየቀረበች ነው።

ዛሬ ጳጉሜን 2 ጠዋት ደወልኩላት። ማን እንደሆንኩ ለማስታወስ ጊዜ ወሰደባት። ካርቶኑን፣ ጥራዙን፣ መሳቢያውን፣ ማሩን ሁሉንም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ «ቀኑ ጳጉሜን ስንት ነበር አሉኝ?» አለች። ሁለት አልኳት። እንደገና ዝም አለች። አበባውን አታስታውሰውም፤ ከሚሴን ግን ታስታውሳለች። ይቅር ብዬዎታለሁም፣ አልልዎትምም አላለችኝም። «እማማ በሕይወት አለች፤ ደሴ ናት። እሷ ናት በዚያ ክረምት ዕቃ እየሸጠች ያበላችን። ለእሷ ራስዎ ይንገሯት» አለችኝ።

ነገ ሌሊት 11 ሰዓት በሚነሣው አውቶቡስ እሄዳለሁ። ቀኑ ሩፋኤል ነው፤ መንገዱ ላይ ዝናብ አይቀርም። ባለቤቴ እንግዳ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም ብላ ማር ልታስይዘኝ ነበር። ማሩ ይቅር፣ ቡናና ስኳር ይበቃል አልኳት። ለምን እንደሆነ ለእሷም ገና ዛሬ ነው የነገርኳት።