«ሪቨርስ ኦፍ ለንደን»ን ልጀምር ወይ ላልሽው

ጀምሪው። ግን ተከታታይ ልቦለድ ስለሆነ አንደኛውን መጽሐፍ ብቻ ግዢ፣ ሙሉውን አንዴ ተሸክመሽ እንዳትገቢ።

እህቴ የጠየቀችው ይሄንን ነው፦ «መርማሪ ፖሊስ፣ አስማትና ቀልድ አንድ ላይ ሲባል የልጆች ነገር መሰለኝ። ደሞ ቅጹ ብዙ ነው። ያዋጣል?» እኔ ሰባቱን አንብቤያለሁ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ደሞ በጆሮዬ ነው የጨረስኩት። ስለዚህ ትንሽ ላንዛዛው።

መጽሐፉ እጄ የገባው ለንደን፣ ሆልቦርን አካባቢ ቢሮ አጸዳ በነበረበት ጊዜ ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት አውቶቡስ ላይ ሆኜ፣ አንድ ዓይኔ ተከድኖ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ «ለንደንን ታውቂያለሽ አይደል፣ ይሄን አንብቢው» ብላ ሰጠችኝ። ብዙም ሳልገፋ የዋናው ገጸ ባሕርይ እናት ከሴራሊዮን የመጣች ጽዳት ሠራተኛ ሆና አገኘኋት። እኛን የሚመስል ሰው እንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ይታዘንለታል ወይ ይሞታል። እሷ ግን በርበሬ በበዛበት ምግቧ የልጇን አፍ የምታቃጥል፣ ለማንም የማትመለስ ሴትዮ ናት። እዚያው ያዘኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ፒተር ግራንት ጀማሪ ፖሊስ ነው። አለቆቹ ወረቀት ሲገፋ የሚውልበት ክፍል ሊወረውሩት ነው። በጥር ብርድ፣ ሌሊት፣ ኮቨንት ጋርደን ውስጥ ራሱ የተቀነጠሰ ሰው የተገኘበትን ቦታ ሲጠብቅ አንድ ሰውዬ ጠጋ ብሎ «ሁሉንም አይቻለሁ» ይለዋል። ችግሩ ሰውዬው ከሞተ መቶ ዓመት አልፎታል። ታዲያ ፒተር አይጮህም፣ አያማትብም። ደብተሩን አውጥቶ የምስክርነት ቃል መቀበል ይጀምራል! የቀልዱ ምንጭ ይህ ነው። መንፈስም ይሁን ጠንቋይ፣ ሰውዬው ፎርም ይሞላል፣ ማስረጃ ይሰበስባል፣ አለቃው ፊት የማያስቅ ሪፖርት ለማቅረብ ይጨነቃል። የሚያስቅሽ ለማሳቅ ስለሚሞክር አይደለም፣ ኮስተር ስለሚል ነው።

አሁን ለእኛ ሰው ለምን እንደሚጥም ልንገርሽ። ደራሲው የለንደንን ወንዞች አማልክት ሲያደርጋቸው እንግሊዞቹ «እንዴት ያለ ፈጠራ!» ይላሉ። እኔ ሳነበው «እሺ፣ የወንዝ ቆሌ ነው፣ ምን አዲስ ነገር አለው» አልኩ። አድባርና ቆሌ ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። የቴምዝ ቆሌ ነርስነት ልትማር ከናይጄሪያ መጥታ ልቧ ተሰብሮ ወንዙ የጠራት ሴት ናት። ከሷ በፊት የነበረው ሽማግሌ እ.ኤ.አ. በ1858፣ ለንደን በወንዟ ግማት ታፍና በነበረበት ዓመት፣ ከተማዋን ጥሎ ወደ ወንዙ ላይኛው ክፍል ሄዷል። አሁን ሁለቱ ድንበር ይጣላሉ፣ ልጆቿ፣ ትናንሾቹ ወንዞች ፍሊት፣ ታይበርን፣ ኤፍራና ቤቨርሊ ብሩክ ደሞ እርስ በርስ ይናቆራሉ። ቀበናና ግንፍሌ እህትማማች ሆነው «ማን ነው የበለጠ የቆሸሸው» እያሉ ሲካረሩ አስቢው።

የቴምዟ ቆሌ ቤት ፒተር ሲጋበዝ ከመቅመሱ በፊት «ይሄን ብበላ ባለዕዳ አልሆንም አይደል?» ብሎ ማረጋገጥ አለበት። ያለዚያ የሷ ሆኖ መቅረቱ ነው። ሳነበው ብቻዬን ሳቅኩ። ሐበሻ ቢሆን ኖሮ ተከታታዩ እዚያው ያልቅ ነበር፣ «በሞቴ» ተብሎ ጉርሻ የሚመልስ ማን አለ?

ደሞ ወንዞቹ እውነተኛ ናቸው። ፍሊት ዛሬ ከመሬት በታች የሚሄድ የፍሳሽ መስመር ሆኗል። ክለርከንዌል፣ ሬይ ስትሪት ላይ ካለው መጠጥ ቤት ፊት ለፊት አስፋልቱ ላይ የብረት ፍርግርግ አለ፣ ጎንበስ ብለሽ ጆሮሽን ብትሰጪው ውኃው ሲሄድ ይሰማል። ሄጄ ሰምቻለሁ። አንድ ሰውዬ «ቁልፍ ጣልሽ?» ብሎኛል።

አስማቱም ደስ ይላል፣ ምክንያቱም አድካሚ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ሥርዓት ያስያዘው አይዛክ ኒውተን ነው፣ የሚደገመውም በላቲን ነው። ፒተር አንዲት የብርሃን ኳስ መዳፉ ላይ ለማብራት ያችኑ ነገር በየቀኑ ለሰዓታት ይደጋግማል፣ ልክ እንደ ቆሎ ተማሪ። መምህሩ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1900 የተወለደ፣ ግን እርጅናው ወደ ኋላ የሚሄድለት፣ ሽክ ያለ ሰውዬ ነው። እሱን ሳስብ ሁሌ ግዕዝ የሚያስቀጽል የኔታ ነው የሚታየኝ፣ ጃጓር የሚነዳ የኔታ። አስማቱ ዋጋም አለው። አስማት አጠገቡ ያለውን ሞባይል አሸዋ ያደርገዋል፣ ያበዛው ሰው ደሞ አንጎሉ አበባ ጎመን ይመስላል።

እንከኑን ልደብቅሽ አልፈልግም። የአንደኛው መጽሐፍ መጨረሻ ዝብርቅርቅ ይላል፣ ሁለት ጊዜ አንብቤም ማን ምን እንዳደረገ ሙሉ በሙሉ አልገባኝም። ሁለተኛው ላይ ፒተር ቆንጆ ሴት ባየ ቁጥር አእምሮው ይጠፋል፣ ይሰለቻል። ሰውዬው አርክቴክት መሆን ይፈልግ ስለነበር ገዳይ እያሳደደ ቆሞ ስለ ሕንፃ ያወራልሻል። እኔ ወደድኩለት፣ ባለቤቴ ግን በዚሁ ምክንያት ሃያኛው ገጽ ላይ ተወው። «ገዳዩ ማነው» የሚለው ብቻ ከሆነ የሚያጓጓሽ፣ ይሄ ያንቺ አይደለም። የሚነበበው ለወሬው ነው፣ አንድ ጨዋታ አዋቂ ፖሊስ ከተማውን እየዞረ እንደሚያስጎበኝሽ።

እንግሊዝኛሽ መካከለኛ ከሆነ የፖሊሶቹ አራዳ ቋንቋ መጀመሪያ ያስቸግራል። መፍትሔው ማዳመጥ ነው። ተራኪው ኮብና ሆልድብሩክ-ስሚዝ ጋና የተወለደ ተዋናይ ነው፣ ናይጄሪያዊቷን የቴምዝ ቆሌ በናይጄሪያ ቅላፄ፣ ስኮትላንዳዊውን ሐኪም በስኮትላንድ ቅላፄ ያወራልሻል። እኔ ብዙ ቀልድ ሳነብ አልፎኝ ነበር፣ ስሰማው ነው የያዝኩት። ሒጃብ የምታደርገዋን ሶማሌ መርማሪ፣ ሳህራ ጉሊድን፣ ሲያወራት ደሞ ጎረቤቴን የሰማሁ ነው የመሰለኝ። ከሁሉም የምወዳት እሷን ነው።

ቅደም ተከተሉን አትዝለይ። የአራተኛው መጨረሻ ላይ የሚሆን ነገር አለ፣ አልነግርሽም፣ ግን ዘለሽ ከመጣሽ ምንም አይሰማሽም። አምስተኛው ከለንደን ወጥቶ ገጠር ይገባል፣ ለእኔ ምርጡ እሱ ነው። ስድስተኛው ትንሽ ይንገታገታል። ሰባተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው፣ ከሁለተኛው መጽሐፍ ጀምሮ ሲጎተት የነበረውን የዋናውን ጠላት ታሪክ ይዘጋል። እዚያ ብታቆሚም ምንም አይጎድልሽም፣ እኔ የቀጠልኩት ስለናፈቁኝ ነው። በመሐል ያሉትን አጫጭር መጻሕፍት ለጊዜው ተያቸው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ገንዘብ ስላስከፈለኝ። ይኸው አንደኛ መጽሐፍ አሜሪካ ውስጥ «ሚድናይት ራየት» በሚል ርዕስ ነው የወጣው። እኔ ሌላ መጽሐፍ መስሎኝ ዋሽንግተን ያለችውን የአክስቴን ልጅ አስገዝቼ፣ በሰው ሻንጣ አስመጥቼ፣ ሻይ አፍልቼ ተቀምጬ ስከፍተው ያው ኮቨንት ጋርደን፣ ያው ሬሳ። ሁለተኛው ቅጂ እስካሁን ቤት ተቀምጧል። ለንደን ካለሽ አትግዢ፣ ነይና ውሰጂው።