መነጽር ለማውለቅ ለቸኮላችሁ

ውድ ልጆቼ፣

ከባድ የሩቅ ዕይታ ችግር ኖሮባችሁ በቀዶ ሕክምና ዓይን ውስጥ ስለሚገባው ሌንስ ስትጠይቁኝ፣ አብዛኞቻችሁ የምትሉኝ አንድ ነገር ነው፦ «ስድስት በስድስት አያለሁ ወይ?» በፊደል ሰሌዳ የሚለካውን ጤናማ ዕይታ ማለታችሁ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን አይበቃም። የፊደል ሰሌዳ የሚነበበው ጥሩ ብርሃን ባለበት፣ ነጭ ላይ ጥቁር ተጽፎ ነው። እናንተ ደግሞ ማታ ትነዳላችሁ፣ ደብዘዝ ባለ ደረጃ ትወርዳላችሁ።

ደስ የሚለውን ላስቀድም። የመነጽር ቁጥራችሁ 10 ወይም 12 ከደረሰ መነጽራችሁ ሁሉን ነገር አሳንሶ ነው የሚያሳያችሁ። ሌንሱ ግን ከአይሪስ (ብሌንን ከከበበው ባለቀለም ክፍል) ኋላ፣ ከተፈጥሮ ሌንሳችሁ ፊት ስለሚቀመጥ ያ ማነስ በአብዛኛው ይቀራል። ለዚህ ነው አንዳንዶች በመነጽር ያቃታቸው የነበረውን መስመር ያለ መነጽር የሚያነቡት። ኮርኒያም፣ ማለትም የዓይን የፊተኛው ግልጽ ሽፋን፣ በሌዘር አይሳሳም። ለዚህን ያህል ቁጥር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በማግስቱ ታካሚው ቀና ብሎ የግድግዳውን ሰዓት ሲያነብ ማየት እስካሁን አልሰለቸኝም።

አሁን ወደ ማታው እንምጣ። አዳዲሶቹ ሌንሶች መሃላቸው ላይ 0.36 ሚሊ ሜትር የምትሆን ቀዳዳ አላቸው። የዓይን ፈሳሽ ያልፍባታል፤ ስለዚህ እንደ ድሮው አይሪሱን አስቀድሞ መብሳት አያስፈልግም። ነገር ግን ብርሃን የቀዳዳዋን ጠርዝ ሲነካ ይበተንና ቀለበት ሆኖ ይታያል። በዚያ ላይ ጨለማ ውስጥ ብሌናችሁ በጣም የሚሰፋ ከሆነ፣ ከሌንሱ ማስተካከያ ክፍል ውጭ ያለፈ ብርሃንም ይገባል። ያኔ የመኪና መብራት ዙሪያውን ጭጋግ ለብሶ ይመጣል። ብዙዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ይለምዱታል። የማይለቀው ሰውም አለ። ሥራችሁ ማታ መንዳት ከሆነ ብሌናችሁ በጨለማ እንዲለካ ጠይቁ፤ ውጤቱንም በግልጽ እንዲያስረዷችሁ አድርጉ። «ኧረ ምንም አይልም» ብሎ የሚያልፍ ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ጋ ብትሄዱ ይሻላል።

ልኬቱ ላይ አትቸኩሉ። ቁጥራችሁ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሳይለወጥ መቆየት አለበት። ልኬቱ ተሳስቶ ሌንሱ ከተፈጥሮው ሌንስ ጋር ከተጠጋ ሞራ ሊያመጣ ይችላል፤ ከመጠን በላይ ከራቀ ደግሞ አይሪሱን ገፍቶ የዓይን ግፊት ይጨምራል። አስፈላጊ ከሆነ ሊወጣ ወይም ሊቀየር መቻሉ ትልቅ ጥቅሙ ነው። አርባዎቹን ስታጋምሱ ግን የማንበቢያ መነጽር መፈለጋችሁ አይቀርም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። መነጽሩን ያወለቀ ሰው «ዳንኩ» ብሎ ይጠፋል። ሌንሱ ዕይታን ያስተካክላል እንጂ ለችግሩ ምክንያት የሆነውን የረዘመ ዓይን አያሳጥርም። ሬቲናችሁ፣ ማለትም ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ያው የተወጠረና የሳሳ ነው። የሬቲና መላቀቅና የግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ስጋት ከቀዶ ሕክምናው በፊት እንደነበረው አለ። ስለዚህ በየዓመቱ ብሌናችሁ በጠብታ ተከፍቶ ሬቲናው ይታይ። ድንገት የመብረቅ ብልጭታ የመሰለ ነገር ካያችሁ፣ የሚንሳፈፉ ጥቁር ነጠብጣቦች ከበዙባችሁ ወይም በአንድ በኩል ጥላ እንደ መጋረጃ ከወረደ ቀጠሮ አትጠብቁ። ባያማችሁም በዚያው ቀን ሂዱ፤ የሬቲና መላቀቅ ሕመም የለውም።