የገደልኩት ሰውዬ እንዴት ተመልሶ መጣ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ክረምቱን ዝናቡ አላስወጣ ሲለኝ ቤት ቁጭ ብዬ ድራገን ኤጅ 2 የሚባለውን የቪዲዮ ጌም ጨረስኩ። ሌጋሲ በሚባለው ተጨማሪ ክፍል ላይ ዋናውን ጠላት ኮሪፊየስን ስንት ጊዜ ሞቼ፣ ስንት ጊዜ መብራት ሄዶብኝ፣ በስንት መከራ ገደልኩት። ከዚያ ቀጣዩን ጌም ኢንኩዊዚሽንን ጀመርኩ። ሄቨን የሚባለው መንደር ላይ ዘንዶ አስከትሎ ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? ራሱ ኮሪፊየስ! በእጄ አልገደልኩትም እንዴ? ምረጡ ምረጡ የሚሉን ሊያሞኙን ነው?
— ግራ የገባው

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንኳን ጨረስከው። እኔ እዚያ ውጊያ ላይ ጆይስቲኩን ግድግዳ ላይ ልፈጠፍጠው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ልጆች ሆነን ፊልም ስናይ «አክተር አይሞትም» እንል ነበር፤ አሁን ደግሞ ጠላቱም አልሞት አለ።

የኮሪፊየስ መመለስ ግን እኔን አላናደደኝም። ለምን መሰለህ? ሴቭህ (የተቀመጠው ጨዋታህ) ካለ የሌጋሲን መጨረሻ እንደገና እየው። እዚያ ላሪየስና ጃኔካ ከሚባሉ ሁለት ግሬይ ዋርደኖች (ጭራቆችን የሚዋጉ ማኅበርተኞች) አንዱን መርጠህ ነው የምትገባው። ላሪየስን ከመረጥክ ጆሮህን ጣል አድርግ። መጀመሪያ ቃል እየጠፋበት ሲንተባተብ የነበረ ሰውዬ፣ ኮሪፊየስ ከወደቀ በኋላ ጥርት አድርጎ ያወራል። እኔ ያኔ «ተመስገን፣ ተሻለው» ብዬ ነው ያለፍኩት። ለካ እየሸኘሁ የነበረው ኮሪፊየስን ነው! ሰውዬው አካሉ ሲሞት የጭራቆቹ ብክለት ወዳለበት ሌላ አካል ይሻገራል፣ ግሬይ ዋርደኖች ደግሞ ሁሉም ያ ብክለት በደማቸው አለ። ይኼን በግልጽ የሰማነው እ.ኤ.አ. በ2014 ኢንኩዊዚሽን ሲወጣ ነው። ፍንጩ ግን በ2011 ዓይናችን ሥር ነበር። ስለዚህ ማንን መረጥክ የሚለው ሰውዬው በማን አካል እንደሚወጣ ወስኗል። መውጣቱን ግን አልከለከለም።

«እና ምርጫዬ ምን ዋጋ አለው?» ትለኛለህ። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ጌም ሁለት ሁለት መንገድ ያላቸው 10 ትልልቅ ምርጫዎች ቢኖሩት 1,024 ዓይነት ዓለም ይወጣዋል። ለዚያ ሁሉ ንግግር ይጻፍ፣ ድምፅ ይቀረጽ፣ ትዕይንት ይሠራ ቢባል የሚቀጥለው ጌም ለልጅ ልጆቻችንም አይደርስም። ስለዚህ ጢስ ዓባይ ላይ እንደምናየው ያደርጉታል። በክረምት ሄደህ ካየህ ውሃው አፋፉ ላይ ሲደርስ ተበታትኖ ነው የሚወርደው፤ ታች ወርዶ ግን አንድ ወንዝ ሆኖ ይሄዳል። አንተ በየትኛው በኩል እንደወረድክ ታውቃለህ። ወንዙ አያውቅም።

የሽማግሌ መላም አለ። ዳገርፎል የተባለው የ1996 ጌም አጨራረሱ ብዙ ነበር፣ አንዱ ሌላውን የሚያፈርስ። አዘጋጆቹ በኋላ ላይ «ጊዜ ተሰብሮ ሁሉም በአንድ ላይ ሆኗል» ብለው አረፉት። ባልም ልክ ነው፣ ሚስትም ልክ ናት፣ በሉ ቡና አፍሉ። መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ነበር። አሁን ግን ከነገርኩህ ሁሉ ጨዋው መፍትሔ ይመስለኛል፣ ማንንም «አንተ ያየኸው ውሸት ነው» አላለማ።

እኔን የሚያበሽቀኝ መመለሱ ሳይሆን ረስቶ መመለሱ ነው። አብራህ የምትጓዘውን ሌሊያናን ውሰድ። በመጀመሪያው ድራገን ኤጅ የተቀደሰው አመድ ላይ የዘንዶ ደም ካፈሰስክ ዞራ ትወጋሃለች፣ አንተም ትገድላታለህ። ከዚያ ድራገን ኤጅ 2 ላይ ምንም እንዳልሆነች ቆማ ታገኛታለህ። የኮሪፊየስ ሞት ለታሪኩ አገልግሏል። የእሷን ግን ለቀጣዩ ስላስፈለገቻቸው ብቻ ሰረዙብን።

አሁን ሌላ ጌም ላይ ያለውን ሌቶን እይ። ዊቸር 2 መጨረሻ ላይ ይኼን ነገሥታት ገዳይ ቁጭ ብለህ ታወራዋለህ፣ አብረኸው ትጠጣለህ፣ ከዚያ ወይ ትዋጋዋለህ ወይ ትለቀዋለህ። ከለቀቅከው ዊቸር 3 ላይ አንድ የተተወ ግቢ ውስጥ ተደብቆ ታገኘዋለህ፣ ቆይቶም ለትልቁ ውጊያ ሊመጣልህ ይችላል። ከገደልከው ግን የለም። ሌላ ሰው አልተኩበትም፣ ያ ቦታ ባዶ ነው። ባዶው ቦታ ራሱ ምርጫህን እንዳልረሱት ይነግርሃል፣ ብዙ ወጪም አላስወጣቸውም!

ጥያቄ፦ እኔ ኢንኩዊዚሽንን የተጫወትኩት ሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ልጨርስ ስል ሜሞሪው ሞላ ብለው ሴቬን አጥፍተውት አገኘሁ። አለቀስኩ፣ አትሳቁብኝ። ምርጫዎቼን ወደ አዲሱ የማሻግርበት መንገድ አለ?
— ሴቭ አልባዋ

መልስ፦ እህቴ፣ አልሳቅኩም። የማኪያቶ ብር እየቆጠቡ በሰዓት ከፍሎ የተጫወተ ያውቀዋል።

ለኢንኩዊዚሽን ራሱ መፍትሔ ነበረው። ድራገን ኤጅ ኪፕ የሚባል ገጽ ላይ ገብተሽ የቀደሙትን ሁለት ጌሞች ምርጫ አንድ በአንድ ትሞያለሽ፣ ጌሙም ያንን ያነባል። በ2024 ለወጣው ቬልጋርድ ግን ሴቭ ቢኖርሽም ባይኖርሽም ልዩነት የለውም፣ ከድሮው የሚጠይቅሽ ሦስት ነገር ብቻ ነው። ማንን ወደድሽ? ኢንኩዊዚሽኑን በተንሽው ወይስ አቆየሽው? ሶላስን ላስቆመው ነው ያልሽው ወይስ ልመልሰው? በቃ። አንድ ሙሉ ክረምት የፈጀሽበት ሌላው ሁሉ ጣና ገብቷል። ሶላስ ራሱ ግን ጥሩ ተመላሽ ነው። አብሮሽ ሲጓዝ፣ ሲመክርሽ የነበረ ሰው ስለሆነ እንደ ኮሪፊየስ በጭፍን አትጠይውም። ስለዚህ ሦስተኛውን ጥያቄ ስትመልሺ እጅሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። የኔ ተንቀጥቅጧል።

የድሮ ምርጫን መጠየቁን ካየኋቸው ሁሉ አሳምሮ የሠራው ዊቸር 3 ነው። ዋናውን ገጸ ባሕርይ ጌራልትን ጢም እየላጩት አንድ የጦር አለቃ አጠገቡ ቆሞ ስለ ድሮው ይጠይቀዋል፣ አንቺም ትመልሻለሽ። ምላጩ አንገትሽ ላይ፣ መርማሪው ከጎንሽ። የምትሞዪው ቅጽ መሆኑን ትረሺዋለሽ።

ጥያቄ፦ ጠላቱ እኔን የሚያስታውስበት ጌም ንገሩኝ። ታሪኩ ባይረዝምም ግድ የለኝም።
— ቂመኛው፣ ከጣና ዳር

መልስ፦ ሻዶው ኦፍ ሞርዶር፣ የ2014። እዚያ ቂሙን የሚይዘው ተራው ኦርክ (የጠላት ጭራቅ ወታደር) ነው። ከገደለህ ሹመት ያገኛል፣ ሲያገኝህም ያንን እያነሳ ያላግጥብሃል። በእሳት ለብልበኸው ሞተ ስትል ፊቱ ተጠብሶ ይመጣል። እኔን አንዱ አራት ጊዜ ተመላልሶብኛል፣ ጎረቤት መስሎኝ ነበር። ዋርነር ብራዘርስ ይኼንን አሠራር በ2021 ፓተንት (ሌላው እንዳይጠቀምበት የሚከለክል መብት) ስላስደረገው በሌላ ጌም ብዙም አታገኘውም። ደግሞ ካንዱ ጋር ጨርሶ መገላገል ከፈለግክ አንገቱን በለው፣ አንገቱ የተቆረጠ አይመለስም።