ሦስት እጥፍ ስንት ነው?

ከኮምቦልቻ አንድ መምህር ጽፈውልኛል። ለትምህርት ቤታቸው የሳይንስ ክበብ በአማርኛ የጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጅተው ነበር። አንዱ ጥያቄ «100 ሕዋሳት ነበሩ። ቁጥራቸው በሦስት እጥፍ ጨመረ። ስንት ሆኑ?» ይላል። ከፊሉ ልጅ 300 አለ። ከፊሉ 400 አለ። አንዲት ልጅ ደግሞ 800 ብላ ጻፈች። ቀጥሎ «የጨረራው መጠን በአራት እጥፍ ቀነሰ» የሚል መጣ፤ እዚያ ላይ ሁሉም ተደናገረ። «ማንን ልክ ልበል? ደግሞስ ጨረር ነው ጨረራ?» ይሉኛል መምህሩ።

መምህር፣ በዚህች «እጥፍ» በምትባል ቃል ስንት ዓመት ስሟገት ኖሬያለሁ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም ብል ይታገሡኝ።

ከቃሉ እንነሳ። እጥፍ ከዐጠፈ ነው። ግእዙ ዐጸፈ ይላል። የግእዙ ጸ አማርኛ ላይ ጠ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ጸጉርን ጠጉር እንል የለ? በግእዝ ዐጽፍ ማለት መጎናጸፊያ፣ ካባ ነው። ቃሉ ከጥንት ጀምሮ ከጨርቅ ጋር የኖረ ነው ማለት ነው። እዚህ ወሎ ቁርአን የቀራ ሰው ደግሞ «ዲዕፍ» የሚለውን የዐረብኛ ቃል ያውቀዋል፤ እሱም እጥፍ ማለት ነው። ፊደሎቹ ቦታ ተለዋወጡ እንጂ ሥሩ አንድ ይመስለኛል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ፣ ሐረጎ ላይ «መታጠፊያው ጋ ወራጅ አለ!» የምንለውም ከዚሁ ቤት የወጣ ነው። ጨርቅ ይታጠፋል፣ መንገድ ይታጠፋል፣ ያልታመነ ሰውም ቃሉን ያጥፋል።

ባለፈው እሑድ ጋቢዬን አልጋ ላይ ዘረጋሁትና ጠርዙን በጣቴ ለየሁት። አራት ስስ ሽፋን አለው፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተኛ። ገበያ ላይ ሻጩ «አራት እጥፍ ነው» ካለኝ እነዚህን አራቱን ማለቱ ነው። አምስተኛ ሽፋን አልጠብቅም። የመጀመሪያውም ሽፋን ከቁጥሩ ውስጥ ነው። ለእኔ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል፦ ሦስት እጥፍ ማለት የነበረውን ጨምሮ ሦስት ነው። 100 ከነበረ 300።

ሌሎች ግን በዚህ አይስማሙም። «በ3 ብር ጨመረ» ስንል በፊተኛው ዋጋ ላይ ሦስት ብር ታከለ ማለት ነው፤ እንግዲህ «በሦስት እጥፍ ጨመረ»ም በ100 ላይ ሦስት መቶ ታከለ፣ 400 ሆነ ማለት ነው ይላሉ። ሙግቱ ቀላል አይደለም። «በ» በእርግጥ ልዩነትን ታሳያለች። ነገር ግን በዚሁ ሚዛን «በእጥፍ ጨመረ»ን ይመዝኑልኝ። እጥፍ ሁለት ነው። በሁለት ከጨመረ 100ው 300 ሊሆን ነው። ደሞዙ በእጥፍ ጨመረ ሲባል ሦስት እጅ ሆነለት ብሎ የሚረዳ አማርኛ ተናጋሪ እኔ አላውቅም። ሁሉም ሰው 200 ይላል። እንግዲህ እዚህ «በ» መጠን አትለካም፤ አኳኋንን ነው የምትነግረን፣ «በፍጥነት» እና «በብዛት» እንደምንለው።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን አንድ ነገር መካድ አልችልም። ጋዜጣውም ራዲዮውም «በሦስት እጥፍ ጨመረ» ይላል፤ ሰሚውም ግማሹ 300 ግማሹ 400 ይረዳል። እኔ ባልወደውም አነጋገሩ ሥር ሰዷል። ቁጥር ሲፈለግ ግን «ሦስት እጥፍ ሆነ» ይበሉ። «ሆነ» ካሉ ክርክር የለም።

አሁን ወደ 800ዋ ልጅ ልምጣ፤ ደስ ያሰኘችኝ እሷ ናት። ነጠላ ጨርቅ አንዴ ሲያጥፉት ሁለት ይሆናል። ሁለቴ ሲያጥፉት አራት። ሦስቴ ሲያጥፉት ስምንት። ልጅቷ የቆጠረችው ሽፋኑን ሳይሆን ማጠፉን ነው። ሕዋስም የሚባዛው እንዲሁ ነው፦ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ በአሥረኛው ክፍፍል 1,024 ይደርሳል። አማርኛ ለዚህ «እጥፍ በእጥፍ» የሚል አነጋገር አለው፤ ከዚያ የተሻለ ቃል አያስፈልገንም።

ሕዝብም እንደዚያው ነው። በ1987ቱ ቆጠራ 53.5 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ሕዝባችን በ1999ኙ ቆጠራ ወደ 73.75 ሚሊዮን ደረሰ። በዓመት 2.6 በመቶ ያህል መሆኑ ነው። በመቶኛ የሚያድግ ነገር በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን በግርድፉ ለማወቅ 70ን ለዕድገቱ ማካፈል ነው። 70ን ለ2.6 ቢያካፍሉት 27 ግድም ይሰጥዎታል፤ በዚያ ፍጥነት የሚሄድ ሕዝብ በ27 ዓመት እጥፍ ይሆናል። በ54 ዓመትስ? ብዙ ሰው ሦስት እጥፍ ይላል። አራት እጥፍ ነው። ጋቢው ሁለቴ ታጥፏል።

ስለ ቅነሳው ግን አልደራደርም። «በአራት እጥፍ ቀነሰ» ምን ማለት ነው? ማጠፍ ያደራርባል እንጂ አያሳንስም። 8 ከነበረ አራት እጥፉ 32 ነው፤ ከ8 ላይ 32 ይቀነሳል? አማርኛ ለዚህ ሩብ የሚባል ያማረ ቃል አለው። ከአንዲት ትንሽ የጨረራ ምንጭ ያለዎትን ርቀት እጥፍ ቢያደርጉት የሚደርስብዎት ጨረራ ሩብ ይሆናል። የራጅ ባለሙያ ከመሣሪያው ራቅ ብሎ የሚቆመው ለዚህም ነው። ርቀቱ እጥፍ፣ ጨረራው ሩብ። ሰው ይህን ትቶ «በአራት እጥፍ ቀነሰ» ሲል መስማት ያንገበግበኛል። ይሰማል፣ ይገባልም፤ እኔ ግን አልጽፈውም።

ጨረራ እያልኩ መጻፌን አስተውለው ይሆናል። ድሮ ጆሮዬን ይቆረቁረው ነበር፤ «የፀሐይ ጨረር» እያልን አድገን ይህ «ራ» ከየት መጣ እል ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ቅርጹ ንጹሕ የአማርኛ ቅርጽ ነው። ከወረረ ወረራ፣ ከቆጠረ ቆጠራ ይወጣል፤ የድርጊት ስም ነው። ጨረር አንዱ ዘንግ ነው፤ ጨረራ ደግሞ መፍለቁና መሠራጨቱ። ስለ ጨረራ የወጣው አዋጅም ጉዳዩን የሚከታተለው የመንግሥት መሥሪያ ቤትም የያዙት ጨረራን ነው። ተቀብያለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጨረራ የሕዋስን ዲኤንኤ ይሰብራል፤ አብዝቶ የሚጎዳውም ቶሎ ቶሎ የሚከፋፈሉትን ነው፤ የአጥንት መቅኔን፣ የአንጀትን ሽፋን፣ የፀጉርን ሥር። እጥፍ በእጥፍ የሚያድገው ነው ቀድሞ የሚመታው። የካንሰር የጨረራ ሕክምናም የቆመው በዚህ ላይ ነው። ደግሞ በግርድፉ ሲታይ እያንዳንዱ እኩል መጠን የሚያጠፋው እኩል ቁጥር ሳይሆን እኩል ድርሻ ነው። ከ1,000 ሕዋሳት 500 ካስቀረ፣ ቀጥሎ 250፣ ቀጥሎ 125። ይህን «ግማሽ በግማሽ ወረደ» ብንለው የ«እጥፍ በእጥፍ» ጓደኛ ይሆናል።

«ግማሽ ዕድሜ» የሚባለውም ይኸው ነው፤ ጨረራ የሚያፈልቅ ነገር ግማሹ ብቻ እስኪቀር የሚወስደው ጊዜ። ጨረራ የሚያፈልቀው የአዮዲን ዓይነት፣ የአዮዲን 131፣ ግማሽ ዕድሜ 8 ቀን ነው ሲባል ሰው በ16 ቀን ያልቃል ብሎ ያስባል። አያልቅም፤ በ16ኛው ቀን ሩቡ፣ በ24ኛው ስምንተኛው አለ። እኔ ብጠየቅ «መንፈቀ ዕድሜ» ይባል ነበር። መንፈቀ ሌሊት፣ መንፈቀ ዓመት ብለን የለ? ሥሩ ነፈቀ ነው፣ ለሁለት ከፈለ ማለት፤ መናፍቅም ከዚያው የወጣ ነው። ስሙን ብንለውጠው የሰው ስሕተት እንደማይታረም አውቃለሁ። ሆኖም መንፈቅ ያምርብኛል፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እንግዲህ ነጥቡን እንዲህ ይስጡ። 300 ላለው ሙሉ። 400 ላለውም ሙሉ፤ ጥፋቱ የጥያቄው ነውና። 800 ያለችውን ልጅ ጠርተው ለጓደኞቿ ጨርቅ እያጠፈች ታሳያቸው። ለሚቀጥለው ውድድር የመጀመሪያውን «100 ሕዋሳት ነበሩ፤ ቁጥራቸው ሦስት እጥፍ ሆነ» ብለው ይጻፉት። ሁለተኛውን «የጨረራው መጠን ወደ ሩብ ወረደ»። ለዚያች ልጅ የሚሆን ሦስተኛም ይጨምሩ፦ «100 ሕዋሳት ሦስት ጊዜ እጥፍ በእጥፍ አደጉ። ስንት ሆኑ?»