«ከፍተኛ ማርሽ» እና «ከፍተኛ ጥምርታ»

ጥያቄ፦ ስለ ጭነት መኪና የተጻፈ አንድ ጽሑፍ «ከፍተኛ የማርሽ ጥምርታ ስላለው አቀበት አይከብደውም» ይላል። ሌላው ደግሞ «አቀበት ላይ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ይቀየራል» ይላል። ሁለቱ አይጋጩም?

መልስ፦ በሐሳብ አይጋጩም፤ ያጋጫቸው «ከፍተኛ» እና «ዝቅተኛ» ለሁለት የተለያዩ ነገሮች መነገራቸው ነው። ስለ ማርሽ ሲነገር ከፍና ዝቅ የሚለው የተራው ቁጥር ነው። ጥምርታ ግን የካምቢዮው (የማርሾቹ ሳጥን) መውጫ ዘንግ አንድ ዙር እስኪዞር ሞተሩ ስንት ዙር እንደሚዞር ስለሚገልጽ፣ ተራው ሲጨምር እርሱ ይቀንሳል። አንደኛው ማርሽ 3.5 ለ 1፣ አራተኛው 1 ለ 1፣ አምስተኛው 0.8 ለ 1 የሆነ ካምቢዮ ብንወስድ፣ በተራ ትንሹ በጥምርታ ትልቁ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ፍጥነት የሚቀንሰውና ጉልበት የሚጨምረውም እርሱ ነው።

በእኔ አስተያየት ከጸሐፊዎቹ ይልቅ ሾፌሮቹ በጥንቃቄ ተናግረዋል። አንደኛንና ሁለተኛን «ከባድ ማርሽ»፣ የመጨረሻዎቹን «ቀላል ማርሽ» ሲሉ፣ ከባዱ ትልቅ ጥምርታ፣ ቀላሉ ትንሽ ጥምርታ ያለው ስለሚሆን ቃሉና ቁጥሩ አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ለማርሽ «ከባድ» እና «ቀላል»፣ ለጥምርታ «ትልቅ» እና «ትንሽ» ብሎ መጻፍ፣ «ከፍተኛ»ን ግን ለሁለቱም አለመጠቀም ይበጃል።

«ለ» የምትለውም ፊደል ጥንቃቄ ትሻለች። ከካምቢዮው የመጣውን ዙር ቀንሶ ለጎማዎቹ በሚያካፍለው በዲፈረንሻል ውስጥ ትንሹ አሽከርካሪ ጥርስ 10፣ ትልቁ ተሽከርካሪ 41 ጥርሶች ቢኖሩት፣ 41 ለ 10 ተካፍሎ 4.10 ይሆናል። ጥርስ የበዛለት ግን በዙር ያንሳል፤ ትልቁ 10 ጊዜ ሲዞር ትንሹ 41 ጊዜ ይዞራል። በመሆኑም «ጥምርታው 4.10 ለ 1 ነው» ብሎ ከማለፍ ይልቅ የተቆጠረው ጥርስ ይሁን ዙር፣ የትኛውም ክፍል በፊት እንደተጠራ መግለጽ ይገባል። የካምቢዮውና የዲፈረንሻሉ ጥምርታዎች ሲባዙ ደግሞ ጠቅላላው ይገኛል፤ በምሳሌያችን አንደኛ ማርሽ ላይ 3.5 በ 4.10 ተባዝቶ 14.35 ይሆናል።

የዲፈረንሻሉ ቁጥር በላዩ በተለጠፈ ሰሌዳ ካልተገኘ፣ የቀሩት ጎማዎች በታኮ ተይዘው፣ ማርሹ ዜሮ ሆኖ፣ የእጅ ፍሬኑ ተለቆ፣ ከሚነዱት ጎማዎች አንዱ በክሪክ ይነሳና በጎማውም ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል በሚሄደው ዘንግም ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል። ይህ ዘዴ የሚሠራው ሌላው የሚነዳ ጎማ መሬት ይዞ ሲቀር፣ የማይቆለፍ ተራ ዲፈረንሻል ላይ ነው። የተነሳው ጎማ ሁለት ሙሉ ዙር እስኪዞር ዘንጉ የዞረው ዙር ጥምርታውን ይሰጣል፤ ከአራት ጥቂት ካለፈ 4.10 ሊሆን ይችላል። ሁለት ዙር የሚያስፈልገው፣ አንዱ ጎማ ሲቆም ነጻው በእጥፍ ስለሚዞር ነው።

ጭነት መኪና ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አንዳንዶቹ ከዲፈረንሻሉ ሌላ ጎማው በሚታሰርበት ስፍራ ዙር የሚቀንሱ ጥርሶች አሏቸው። በእነዚህ ላይ ጥርስ ቆጥሮ የተገኘውን «የዲፈረንሻል ጥምርታ»፣ ጎማ አዙሮ የተገኘውን «ከዘንግ እስከ ጎማ ያለ ጥምርታ» ብሎ ለይቶ መጻፍ ግድ ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች አይገጥሙምና።