ጓንቱ ለማን ነው?

ልጆቼ፣ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል (አይሲዩ) በጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። ሰሞኑን ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ በአይሲዩ በር መስታወት ወደ ውስጥ አየሁ። አንዲት ወጣት ነርስ በጓንት የታካሚ የሽንት ከረጢት አፈሰሰች። በዚያው ጓንት ሞኒተሩን ነካች። ስልኳ ጠራ፤ አውጥታ አየችው። ከዚያ ወደ ቀጣዩ አልጋ ሄደች። ጓንቱ አሁንም እጇ ላይ ነው።

አልፈርድባትም። እኔም ስንቴ አድርጌዋለሁ! ጓንት ያታልላል። ባዶ እጅ ሲቆሽሽ ይቀፍፋል፣ ትታጠቡታላችሁ። በጓንት ግን ቆሻሻው አይሰማችሁም። ጓንቱ እናንተን ይጠብቃል፤ ታካሚውን ግን ካልቀየራችሁት ማን ይጠብቀው?

አሲኔቶባክተር የሚባለው ጀርም በደረቅ ዕቃ ላይ ለሳምንታት ይቆያል። የአልጋ ብረት፣ የቬንትሌተር (የመተንፈሻ መሣሪያ) ቁልፍ፣ አንገታችሁ ላይ ያለው ስቴቶስኮፕ፣ ሁሉም ይመቸዋል። ሜሮፔነም የሚባለውን ጠንካራ አንቲባዮቲክ ከተላመደ ደግሞ የሚቀረው እንደ ኮሊስቲን ያለ ኩላሊት የሚጎዳ መድኃኒት ነው። እሱንም ፍለጋ ቤተሰብ ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲንከራተት ታውቃላችሁ።

«እኛ ጋ ጀርም የሚዛመተው ውሃ ስለሚጠፋ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እውነት አላችሁ። ግን በ2011 አሜሪካ፣ ቤቴስዳ ባለው የብሔራዊ የጤና ተቋማት ሆስፒታል የሆነውን ስሙ። መድኃኒት የተላመደ ክሌብሴላ የሚባል ጀርም የያዛት አንዲት ታካሚ ገባች። ለብቻዋ አስተኟት። ያም ሆኖ ጀርሙ እሷን ጨምሮ 18 ሰው ጋ ደረሰ። 11 ሞቱ፤ ስድስቱ በራሱ በጀርሙ። በኋላ ሲፈተሽ ከእጅ መታጠቢያ ገንዳ መውረጃና ከተጸዳ ቬንትሌተር ላይ ተገኘ። ገንዘብ የሞላው ቤት እኮ ነው!

ውሃ በጠፋ ቀን፣ እጃችሁ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ከሌለ፣ አልኮል ይበቃል። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እሹት። ጠርሙሱ በር ላይ ሳይሆን አልጋው እግር ሥር ይሁን፤ ሩቅ ያለ ጠርሙስ አይነካም። ካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን ለመለየት የሚመረመር ናሙና፣ ከመጀመሪያው የአንቲባዮቲክ ዶዝ በፊት ይወሰድ። ጠዋት ራውንድ ላይ፣ ታካሚ ስትጎበኙ፣ ደግሞ «ይህ ካቴተር (ቱቦ) ዛሬም ያስፈልጋል?» በሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ይሉኝታው ነው። ትልቁ ሐኪም ሳይታጠብ ታካሚ ሲነካ ማን ይናገር? እኔ ለዓመታት ዝም ብያለሁ።

ጡረታ ልወጣ ስል አንድ ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) በሰው ፊት «ሲስተር፣ ይቅርታ፣ እጅዎን» ብሎ ጠርሙሱን ዘረጋልኝ። አፈርኩ። ተናደድኩም፣ አልዋሽም። ግን እጄን ዘረጋሁለት።