ጊት ላይ ጥያቄ ያላችሁ፦ ጥሬው ዳታና ለሰው የሚታየው

ሰላም ጓዶች፣ ጊት (የፋይሎችን ለውጥ ታሪክ የሚይዘው ፕሮግራም) ውስጥ የሚቀመጠውና ስክሪን ላይ የምናየው ለምን እንደሚለያይ ብዙ ሰው ግራ ሲገባው አያለሁ፣ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥ፦ የፋይሌ ስም "ሰላም" ነው፣ የተቀየሩትን ፋይሎች ለማየት ጊት ስታተስ ስል ግን \341\210\260\341\210\213\341\210\235 ብሎ ቁጥር ይደረድርብኛል፣ ተበላሽቶ ነው እንዴ?

መ፦ ምንም አልሆነም ወንድሜ። ፊደላችን በዩቲኤፍ 8 (ፊደልን በባይት የመጻፊያ ዘዴ) አንዷ 3 ባይት ትይዛለች፣ ጊት ደግሞ ካልነገርከው በቀር ከአስኪ (ከእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች) ውጪ ያለ የፋይል ስም ሲያገኝ ባይቶቹን በኦክታል፣ ማለትም በ8 መሰረት ቁጥር ነው የሚያሳይህ፣ \341\210\260 ማለት ሰ ናት፣ ቀጥላ ላ ከዛ ም። የጊት ኮንፊግህ (ሴቲንግ) ላይ ኮር ስር ኮትፓዝ (core.quotePath) የሚለውን ፎልስ አድርገው፣ ስሙ በአማርኛ ቁልጭ ብሎ ይመጣል። ዲፎልቱ እንዲህ መሆኑ ለኔ አይዋጥልኝም፣ በራሱ ፊደል የሚጽፍ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው።

ጥ፦ የስታተስን አውትፑት የሚያነብ ስክሪፕት ጽፌ እኔ ጋ ይሰራል፣ ጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ እምቢ አለ።

መ፦ ያ ጽሁፍ ለሰው ተብሎ የወጣ ነው እህቴ፣ በቨርዥንም በቋንቋ ሴቲንግም ይቀያየራል። ለስክሪፕት ፖርሰሊን የሚለውን ኦፕሽን ተጠቀሚ፣ እሱ እንዳይቀየር ቃል የተገባበት ፎርማት ነው፣ ሰረዝ ዚ ከጨመርሽበት ደግሞ ስሞቹ ሳይነካኩ በጥሬው በነል ባይት (ዋጋው 0 በሆነ ባይት) ተለያይተው ይመጡልሻል፣ ስፔስ ያለበትም አማርኛም ቢሆን ችግር የለም።

ጥ፦ ቀኑስ እንዴት ነው የሚቀመጠው?

መ፦ የለውጦቹን ታሪክ የሚያሳየውን ጊት ሎግን ፎርማቱን ሮው (ጥሬ) አድርገህ እየው፣ 1700000000 +0300 የመሰለ ነገር ታገኛለህ። ከ1970 መጀመሪያ ጀምሮ የተቆጠረ ሰከንድ ነው፣ ቀጥሎ ያለው የሰዓት ቀጠናችን። ይሄኛው አዲስ አበባ ላይ ህዳር 5 ቀን 2016 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ13 ነው፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 15 2023። የተቀመጠው ቁጥር ስለሆነ በኛ ካላንደር የሚያሳይ ቱል መስራት የሚፈልግ ካለ ከዚህ ይነሳ፣ ደስ የሚል ስራ ነው።

ጥ፦ ጊት ዳታውን የሚያስቀምጥበትን ኦብጀክት ፋይል በኤዲተር ስከፍተው ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ነው።

መ፦ ዚሊብ በሚባል የማመቂያ ዘዴ ስለታመቀ ነው። ጊት ካት-ፋይል የሚለውን ትዕዛዝ በሰረዝ ፒ በለው፣ ፈቶ ያሳይሃል።

ጥ፦ የወርድ ፋይል ዲፍስ (በሁለት ቅጂ መካከል ያለው ልዩነት) እንዴት ይታያል?

መ፦ ዶክኤክስ ዚፕ ስለሆነ ጊት ባይነሪ ይለዋል፣ የጊት አትሪቢዩትስ ፋይል ላይ ለዶክኤክስ የዲፍ ስም ሰጥተሽ፣ ኮንፊግሽ ላይ ለዛ ስም ቴክስትኮንቭ (ለዲፍ ወደ ጽሁፍ መቀየሪያ) አዘጋጅተሽ፣ ፓንዶክ በሚባል ሰነድ ቀያሪ ፕሮግራም ወደ ጽሁፍ ማስቀየር ትችያለሽ። ግን ያ ዲፍ ለማየት ብቻ ነው፣ ፓች አድርገሽ፣ ማለትም ለውጡን ፋይሉ ላይ መልሰሽ ልትጭኚው አትችይም፣ አብራችሁ የምትጽፉት ሰነድ ከሆነ ከመጀመሪያው በማርክዳውን (በተራ ጽሁፍ ፎርማት) ጻፉት።